ታንኳን ለሳይንስ፣ ሰፌድን ለሒሳብ፦ ባህልና ጥበብን ወደ አንደኛ ደረጃ ክፍል እንዴት እናስገባ?

በብዙ ትምህርት ቤት ባህል የሚታወሰው ኅዳር 29 ሲቃረብ ነው። ልብስ ይከራያል፣ ስፒከር ይመጣል፣ ልጆቹ እስክስታ ይለማመዳሉ። በዓሉ ያልፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «የሚንሳፈፉና የሚሰምጡ ነገሮች» ተብሎ ይጻፋል፤ ምሳሌዎቹ ቡሽና ሚስማር ናቸው። እስቲ አስቡት፦ ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ ታንኳው ከሐይቁ ላይ እየታየ፣ ስለ ቡሽ ማስተማር!

በዓሉ ይቅር አላልኩም። ልጆች መጨፈር ይወዳሉ፣ ይጨፍሩ። እኔ የምለው ባህሉ ክፍል ውስጥ ሥራ ይሰጠው ነው። አንድ የአካባቢ ሙያ እንምረጥና ሒሳቡን፣ ሳይንሱን ወይም አማርኛውን እንዲያስተምርልን እናድርግ። ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም፤ ያለው ይበቃል።

1. ከመጽሐፉ ጀምሩ

ብዙ ሰው «ስለ ሽመና ላስተምር» ብሎ ይነሳና ከዚያ ትምህርቱን ይፈልግለታል። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሴሚስተሩን ርዕሶች ዘርግታችሁ ልጆቹን ሁልጊዜ የሚያስቸግራቸውን አንዱን አውጡ። ቀጥሎ «ይህን ነገር እዚህ ከተማ በእጁ የሚሠራው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ርዕሰ መምህሩ «ከዕቅድ ውጪ ነው» እንዳይሉ ደግሞ በዕለታዊ ዕቅዱ ላይ ዓላማውን ከመጽሐፉ ቃል በቃል ጻፉት፤ ታንኳው ወይም ሰፌዱ በማስተማሪያ መርጃ ቦታ ይግባ። «አካባቢ ሳይንስ» እና «ክወናና ዕይታዊ ጥበባት» የሚባሉት ትምህርቶች ለዚህ በራቸው ክፍት ነው። አንድ መምህር ሁሉንም በሚያስተምርበት ክፍል ነገሩ ይበልጥ ይቀላል።

በሴሚስተር አንድ ሙያ ይበቃል። ሁሉንም እነካለሁ ያለ ኤግዚቢሽን ነው የሚያዘጋጀው።

2. ባለሙያውን በክብር ጥሩ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ በአገራችን ሲናቅ ኖሯል። በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት የሚታወቀው የወይጦ ማኅበረሰብም እንዲሁ። ስድቡ ዛሬም ከልጆች አፍ አልጠፋም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ቆሞ «ቤቱ ሸክላ የሚሠራ እጁን ያውጣ» ማለት አይሆንም። አንዷን ልጅ ለዓመት መሳለቂያ ልታደርጓት ትችላላችሁ። ከዚያ ይልቅ ለሁሉም ወላጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ላኩ፦ «ቤታችሁ ውስጥ በእጅ የሚሠራ፣ የሚዘፈን፣ የሚተረት ነገር የሚያውቅ ሰው አለ? ለልጆቹ ሊያሳይ ፈቃደኛ ነው?» መልሱን እናንተ ብቻ አንብቡት።

እንግዳው ሲመጡ «ዛሬ ጋሼ እገሌ ያስተምሩናል» በሉ። ልጆቹ ተነስተው ይቀበሏቸው። የመምህሩ ወንበር ለእሳቸው ይሁን። ሙያቸውን ለማሳየት የሥራ ቀናቸውን ትተው ነው የመጡትና የድካማቸውን ክፈሏቸው፤ የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ካልቻለ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሻይ አፍልቶ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ መሸኘት ብቻውን ለእኔ ደስ አይልም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ንግግር እንዲያደርጉ አትጠብቁም፤ ዝም ብለው ይሥሩ፣ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ብዙ ባለሙያ የሚፈራው ሥራውን ሳይሆን ንግግሩን ነው።

3. ታንኳው፦ ሦስት ክፍለ ጊዜ

መጀመሪያ ደንገሉ፣ ማለትም ታንኳው የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል። ልጆችን ይዞ ሐይቅ ዳር ወርዶ ማጨድ የለም። ደንገሉ ከድሮው እየቀነሰ ነው። ውሃው ቢልሃርዝያ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ታንኳ ሠሪውን ቁርጥራጭ ጠይቋቸው፤ ከሥራ የተረፈው ለአንድ ክፍል ይበቃል። ከተቻለ እርጥቡንም ደረቁንም ያምጡላችሁ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መመልከት ብቻ። ከመቁረጣችሁ በፊት «ግንዱ ሲቆረጥ ፊቱ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኖረዋል?» ብላችሁ ጠይቁና ደብተራቸው ላይ ይሣሉት። አብዛኛው ልጅ ክብ ነው የሚሥለው፤ ሸምበቆም ቀርቀሃም ክብ ነዋ። ከዚያ እናንተ በስለታም ቢላ አግድም ቁረጡት። ሦስት ማዕዘን ነው! ጠርዞቹ ለጣት ይታወቃሉ። ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ስፖንጅ ነው። በጣታቸው ይጫኑት፣ ያሽትቱት፣ መጀመሪያ ከሣሉት ክብ አጠገብ እንደገና ይሣሉት። ለ2ኛ ክፍል የቅርጽ ትምህርት ነው፤ ለ5ኛ ክፍል የዕፅዋት አካል ነው።

በሁለተኛው፣ ማንሳፈፍ። ባልዲ ውሃ፣ ስንዝር ስንዝር ሆኖ የተቆረጠ ደረቅ ደንገል፣ ገመድና ብዙ ቆርኪ ይበቃል። ቆርኪ ጥሩ ነው፤ ክብደቱ ተቀራራቢ ነውና እንደ ሚዛን ድንጋይ ያገለግላል፣ ከሱቅም በነፃ ይገኛል። አንዱ ቡድን ሦስት ግንድ፣ ሌላው ስድስት፣ ሌላው አሥራ ሁለት ይሰር። «ስንት ቆርኪ ይሸከማል?» የሚለውን ግምት ከመሞከራቸው በፊት ይጻፉ፤ ይህን ካለፋችሁት ሳይንሱ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እስኪሰምጥ ይጫኑ፣ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ፣ ባለ ዘንግ ግራፍ ይሥሩ። ግንዱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱም እጥፍ ይሆናል? አንዳንዱ ቡድን ይሳካለታል፣ አንዳንዱ አይሳካለትም። ያልተሳካለት ቡድን እስሩን ሲፈታው ምክንያቱን ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜ ላልቶ ነው፣ ወይም ጭነቱ በአንድ ጎን በዝቶበት ነው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በማግስቱ ነው። አንዱን እስር ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ከደረቁ ጋር አመዛዝኑት። ሚዛን ከሌለ የልብስ መስቀያ ከነ ሁለት ኩባያው በቂ ነው። እርጥቡ ያዘነብላል፤ ውሃ ጠጥቷል። አሁን ጥያቄው፦ ታንኳ ቀዛፊው ሥራ ሲጨርስ ታንኳውን ውሃ ላይ ትቶት ነው የሚሄደው ወይስ ዳር ላይ አውጥቶ ያሰጣዋል? ለምን? መልሱን እናንተ አትንገሯቸው። ባለሙያው የሚመጡት በዚህ ቀን ይሁን። ልጆቹ እጃቸው ውሃ ነክቶ፣ ጥያቄ ይዘው ሲጠብቁና ምንም ሳያውቁ ሲጠብቁ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

በዚያው ሳምንት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የታንኳ አሠራርን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ሠሪው «አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ፣ አጥብቆ...» እያለ የሚሄድበት አነጋገር ለቅደም ተከተል ጽሑፍ ከየትኛውም መልመጃ ይሻላል። «ከዚያ፣ ከዚያ፣ ከዚያ» እያሉ ለሚጽፉ ልጆች መድኃኒቱ ይኸው ነው።

4. ሰፌዱና ገበጣው ለሒሳብ

እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ክብ የስፌት ዕቃ ያምጣ፦ ሰፌድ፣ የሙዳይ ክዳን፣ የተገኘውን። ስም ይለጠፍበት፤ የእማማ ሙዳይ ጠፋ ማለት ጣጣ ነው። ዙሪያውን በክር ለክተው ክሩን በማስመሪያ ይለኩት። ቀጥሎ መሐሉን አቋርጦ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ይለኩ። አንደኛውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ትንሹም ሙዳይ፣ ትልቁም ሰፌድ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ሰሌዳው ላይ የሁሉንም ውጤት በአንድ ዓምድ ስትጽፉት 6ኛ ክፍሎች 3.14ን ራሳቸው ያገኙታል። ቁጥሩን ሸምድዱ ከማለት በስንት ጣዕሙ!

ጌጡም ሒሳብ ነው። አለላው በዙሪያው 8 ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ አንዱ ድርሻ 45 ዲግሪ ነው። ሰፊዋ እናት ፕሮትራክተር አልያዙም፤ ጌጡ ግን ገጥሞ ነው የሚያልቀው። እንዴት እንደሚቆጥሩት ልጆቹ ይጠይቋቸው።

ገበጣ ከፈለጋችሁ 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን ውሰዱ። አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ አለው። ሁለት ሁለት ረድፍ ቁረጡት፤ ሁለት ገበጣ ይወጣዋል። የተረፈው ረድፍ የተበላውን ማስቀመጫ ይሆናል። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ፣ በድምሩ 48። ሕጉ ከቤት ቤት ይለያያል፣ በዚህ አትጨቃጨቁ፤ ልጆቹ የየአያቶቻቸውን ሕግ ጽፈው ይምጡና ያወዳድሩ።

5. እንቆቅልሽ በካርታ

ይህኛው ምንም ወጪ የለውም። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ አምስት ደቂቃ ስጡ። አንዱ ልጅ በዕለቱ ከተማረው ነገር ስሙን ሳይጠራ እንቆቅልሽ ይሠራል። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ክፍሉ ካላወቀ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አሁን ካርታውን ግድግዳው ላይ ስቀሉት። አገር የሚሰጠው ልጅ የከተማውን ስም ብቻ ጠርቶ አያመልጥም፤ ሄዶ በጣቱ ያሳያል፣ ስለ ቦታውም አንድ እውነት ይናገራል። «ጎርጎራን ሰጠሁህ፤ ከጣና በስተሰሜን ናት።» ጎንደርና አዲስ አበባ ቶሎ ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ካርታ ማጥናት ይጀምራሉ፤ በፈተና ያላገኛችሁትን በእንቆቅልሽ ታገኙታላችሁ።

6. ዜማና ሥዕል

ዜማውን በአጭሩ ልለፈው። ማሲንቆ ተጫዋች ከተገኘ ስለ ድምፅ ስትማሩ ጥሩት። አንዲቷ የፈረስ ጭራ ክር ላይ ጣቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ድምፁ ሲቀጥንና ሲወፍር ልጆቹ ያዩታል። ዘፈኑን ግን አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ የአዝማሪ ግጥም ለ3ኛ ክፍል አይሆንም።

ሥዕሉ ሰፋ ይላል። የዘጌ ገዳማት ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ይታያል። ይህን ሕግ ከነገራችኋቸው በኋላ ቅዱሳንን አታስገልብጧቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በክፍሉ ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም ልጅ አለ። ሕጉን ብቻ ተዋሱና ከተረት ሰው ይሣሉ፦ እመት ጦጢት ፊት ለፊት፣ አያ ጅቦ በጎን። ሰው ወይም እንስሳ መሣል ቤተሰቡ የማይወድለት ልጅ የጥለት ንድፍ ይሥራ፤ እኩል ማርክ ያገኛል።

ጉብኝት ካሰባችሁ ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ስለዚህ የክፍሉን ግማሽ ጀልባ ላይ አስቀምጣችሁ አትሂዱ። ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ ካልተገኘ ጉዞው ይቅር።

7. ማርኩን አትርሱ

ማርክ የሌለው ነገር በወላጅም በተማሪም ዘንድ ጨዋታ ነው። ከተከታታይ ምዘናው ላይ ቆርሳችሁ ስጡት። ግን የሚመዘነው የእጅ ቅልጥፍና አይሁን፤ አያቷ ሰፌድ የምትሰፋ ልጅ ትቀድማለቻ። ግምቱን ጽፏል ወይ፣ ሠንጠረዡን ሞልቷል ወይ፣ ምክንያቱን በራሱ ቃል ተናግሯል ወይ የሚለው ይመዘን። በሴሚስተሩ ፈተና ላይም አንድ ጥያቄ ከዚያው ይውጣ፦ «ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰፌድ ጠርዙን ዙሪያውን በጨርቅ ለመጠምጠም ስንት ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይበቃል?» መልሱ 157 ነው። «ትንሽ ጨምሩበት፤ መደራረቢያ ያስፈልገዋል» ብሎ የጻፈ ልጅ ካለ ሙሉ ማርኩን ስጡት።