ለአሮጌ የጃፓን መኪና ካንዴላና የካንዴላ ኬብል እንዴት እንደሚመረጥ

መኪናቸው ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ) መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወይም ጠዋት አልነሳም ሲላቸው ብዙ ባለመኪኖች አንዱን ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው በጨርቅ ይጠቀልሉና ወደ አዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ወስደው «እንደዚህ ያለ አራት ስጠኝ» ይላሉ። ሠላሳና አርባ ዓመት በሠራ መኪና ላይ ይህ አካሄድ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ለናሙና የተወሰደው ካንዴላ ራሱ ለሞተሩ የማይስማማ ሊሆን ይችላል። መኪናው በስንት ባለቤትና በስንት ጋራዥ እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። ከእነዚያ መካከል አንዱ በቸገረው ዕለት ያገኘውን ካንዴላ አስሮበት ከሆነ ስህተቱ ከናሙና ወደ ናሙና ሲተላለፍ ይኖራል። ስለዚህ ምርጫው መነሳት ያለበት ከአሮጌው ካንዴላ ሳይሆን ከሞተሩ ማንነት ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩን ይለዩ። ኮፈኑን ሲከፍቱ በሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ የሞዴሉ መለያ የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ያገኛሉ። «ኮሮላ ነው» ብሎ መናገር ለካንዴላ ምርጫ ምንም አይጠቅምም፤ በአንድ የኮሮላ ትውልድ ውስጥ ብቻ ካርቡራቶር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው 4ኤ-ኤፍ እና ኢንጄክሽን ያለው 4ኤ-ኤፍኢ ይገኛሉ፤ ከእነሱም ሌላ ልዩ ልዩ ሞተሮች አሉ። በቶዮታ አጻጻፍ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ መሆኑን ታመለክታለች። በአገራችን ሞተር መቀየር የተለመደ ስለሆነ ሰሌዳውን ብቻ አይመኑ፤ በሞተሩ ብሎክ ላይ የተቀረጸውን መለያ አይተው ሁለቱን ያመሳክሩ። ሞተሩ ከታወቀ በኋላ ትክክለኛውን የካንዴላ ኮድ ከመኪናው መመሪያ ወይም ከካንዴላ አምራቹ ካታሎግ ያገኙታል።

ቀጥሎ ኮዱን ማንበብ ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ባለመኪናው ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ኮዱን ማንበብ የሚችል ሰው በሻጭ አባባል አይወሰድም። ገበያው ላይ በብዛት የምናገኛቸው ሁለቱ የጃፓን አምራቾች ኤንጂኬ እና ዴንሶ ናቸው። ለምሳሌ በኤንጂኬ ካንዴላ ላይ «ቢፒአር5ኢዋይ-11» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ «ቢ» የጥርሱ (ወደ ሞተሩ የሚጠመዘዘው ክፍል) ውፍረት 14 ሚሊሜትር መሆኑን፣ «ፒ» የነጩ ሸክላ አፍንጫ ወደ ውጭ የወጣ መሆኑን፣ «አር» ውስጡ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ጫጫታን የሚያፍን ተቃዋሚ) ያለው መሆኑን፣ 5 ቁጥር የሙቀት ደረጃውን፣ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፣ «ዋይ» የመካከለኛው ዘንግ ጫፍ ቦይ የተቆረጠበት መሆኑን፣ መጨረሻው ላይ ያለው 11 ደግሞ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት 1.1 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራሉ። የዚህ አቻ የሆነው የዴንሶ ካንዴላ «ደብሊው16ኢኤክስአር-ዩ11» ይባላል። ኮዱ በ«ቢኬአር» ወይም በ«ቢሲፒአር» የሚጀምር ከሆነ ጥርሱ ያው 14 ሚሊሜትር ሆኖ የሚፈታው ግን በ16 ሚሊሜትር መፍቻ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ የካንዴላ ጉድጓድ ባላቸው ሞተሮች ላይ የቀድሞው ትልቁ መፍቻ አይገባም።

ከእነዚህ ምልክቶች መካከል ሁለቱ ስህተት ጨርሶ አይፈቅዱም፤ አንደኛው የጥርሱ ርዝመት ነው። 19 ሚሊሜትር በሚፈልግ ቴስታታ (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ «ኤች» የሚል ምልክት ያለበትን የ12.7 ሚሊሜትር ካንዴላ ቢያስሩ መኪናው ይነሳል፤ ይሄዳልም። ብልጭታው ግን ወደ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀር ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም፤ ባዶ የቀረው የቴስታታው ጥርስም በጥላሸት ስለሚሞላ ሌላ ቀን ትክክለኛውን ካንዴላ ለማስገባት ሲሞክሩ ጥርሱን ይበላዋል። የተገላቢጦሹ ስህተት የባሰ ነው፤ የረዘመው ካንዴላ ከፒስተኑ ወይም ከቫልቩ ጋር ሊጋጭ ይችላልና።

ሁለተኛው የሙቀት ደረጃ ነው። ይህ ቁጥር ካንዴላው ከቃጠሎው የሚያገኘውን ሙቀት ወደ ቴስታታው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስተላልፍ ያሳያል። የካንዴላው ጫፍ ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ እንዲያጸዳ ከ450 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ አለበት፤ ከ800 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ደግሞ ብልጭታው ሳይደርስ ነዳጁን አስቀድሞ ሊያቀጣጥልና ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል። በኤንጂኬም ሆነ በዴንሶ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው፤ የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16 ጋር፣ 6 ደግሞ ከ20 ጋር ይስተካከላል። በቦሽና በቻምፒዮን ካንዴላዎች አቆጣጠሩ ስለሚገለበጥ አንዱን ቁጥር በሌላው ላይ መገመት አደገኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከፍተኛ ቦታ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያዩ ወዲያውኑ ሞቃት ካንዴላ ይገዛሉ። እኔ ይህን አልመክርም። ችግሩ ካርቡራቶሩ ላይ ከሆነ መስተካከል ያለበት ካርቡራቶሩ ነው፤ ሞቃት የሆነው ካንዴላ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅቡቲ መስመር ወርዶ በሙቀትና በጭነት ሲሠራ አደጋው በሞተሩ ላይ ይመጣል። መመሪያው የሚያዝዘውን ደረጃ ይያዙ።

የክፍተቱ ጉዳይ አጭር ነው። ብዙዎቹ የፕላቲን (ብልጭታውን እየከፈተና እየዘጋ የሚቆጣጠር መገናኛ) ዘመን አሮጌ ሞተሮች 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ሲፈልጉ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡ ኃይለኛ ኮይል (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥር መሣሪያ) ያላቸው ብዙ ሞተሮች 1.1 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ። ደካማ ኮይል ላይ ሰፊ ክፍተት ያለው ካንዴላ ቢታሰር በተለይ ዳገት ላይ ሞተሩ ይቆራርጣል። ካንዴላው ከካርቶን ሲወጣ ክፍተቱ ትክክል ነው ብለው ሳያስቡ በክብ ሽቦ መለኪያ ይለኩት፤ ማስተካከል ካስፈለገም የላይኛውን ጎባጣ ብረት ብቻ በቀስታ ያንቀሳቅሱ።

ኢሪዲየም ይሻላል ወይስ ተራው? የኢሪዲየም ካንዴላ መካከለኛ ዘንግ እጅግ ቀጭን ስለሆነ፣ ለምሳሌ በአንዳንድ የዴንሶ ምርቶች 0.4 ሚሊሜትር ብቻ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ ይሰጣል፤ ለደከመ ኮይልም እፎይታ ነው። ሆኖም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተር ውድ የሆነውን ካንዴላ ልክ እንደ ርካሹ ያበላሸዋል። ስለሆነም ለአሮጌ መኪና ሐቀኛ የሆነ ተራ የኒኬል ካንዴላ ገዝቶ በየ20,000 ኪሎሜትር አካባቢ መቀየር ብዙውን ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው።

«ሐቀኛ» ያልኩት አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ በገበያው ውስጥ ስላለ ነው። ከመግዛትዎ በፊት አራቱንም አውጥተው ጎን ለጎን ያስተያዩ። በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም በጥፍር የሚለቅ ከሆነ፣ ጎባጣው ብረት ከመካከለኛው ዘንግ ትክክለኛ አናት ላይ ያልዋለ ከሆነ፣ የታችኛው ቀለበት ደግሞ በቀላሉ ተሽከርክሮ የሚወልቅ ከሆነ ይተዉት። በኮዱ ውስጥ «አር» ካለ ደግሞ መልቲሜትር ይዘው ከላይኛው ጫፍ እስከ መካከለኛው ዘንግ ይለኩ፤ ንባቡ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ዜሮ ካሳየ ውስጡ ሬዚስተር የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ካንዴላ ሬዲዮውን ከማስጮህ አልፎ ኢንጄክሽን ባለው መኪና ላይ ኮምፒውተሩን ሊረብሽ ይችላል።

ከፍተኛውን ቮልቴጅ ወደ ካንዴላዎቹ ወደሚያደርሱት ኬብሎች ስንመጣ አዲስ ከመግዛት በፊት ያሉትን መመርመር ተገቢ ነው። ሲመሽ መኪናውን ጨለማ ቦታ አቁመው ሞተሩን አስነስተው ኮፈኑን ይክፈቱ፤ በኬብሎቹ ላይ በመርጫ ጠርሙስ እንደ ጤዛ የሳሳ ውኃ ይርጩ። ሰማያዊ ብልጭታ ከኬብሉ ወደ ብረት ሲዘልል ካዩ ያ ኬብል አልቋል። በዚህ ጊዜ እጅዎን ከኬብሎቹም ሆነ ከሚሽከረከረው ቀበቶ ያርቁ። ሞተሩን ካጠፉ በኋላ እያንዳንዱን ኬብል በመልቲሜትር ይለኩ፤ ቶዮታ ለእነዚያ ዘመናት ሞተሮች ባወጣቸው የጥገና መመሪያዎች ውስጥ የአንድ ኬብል ከፍተኛው ልክ 25 ኪሎ ኦም ነው። ረጅሙ ኬብል ከአጭሩ የበለጠ ቢያነብ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ንባብ ያለው ግን መቀየር አለበት።

አዲስ ሲገዙ ለሞተርዎ ኮድ የተዘጋጀ ሙሉ ስብስብ ይጠይቁ፤ ርዝመቱና የጫማው (ካንዴላው ላይ የሚሰካው የኬብሉ ጫፍ) ቅርጽ የሚገጥመው በዚህ ብቻ ነው። ውስጡ መዳብ ብቻ የሆነ ኬብል «ኃይል ይጨምራል» ተብሎ ቢቀርብልዎ አይቀበሉ፤ የኤሌክትሪክ ጫጫታን የሚያፍነው የካርቦን ወይም በመጠምጠም የተሠራ ውስጥ ያለው ኬብል ነው። ወፍራም የሆነው የ8 ሚሊሜትር ኬብል ከ7 ሚሊሜትሩ የሚለየው በዋናነት በሽፋኑ ነው፤ ፋብሪካው የሠራለት የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ካልገባም ጉዳቱ ያመዝናል።

ለመቀየር ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ በትኩስ የአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ካንዴላ መፍታት ጥርስ ያበላሻል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ብቻ ይንቀሉ፤ ሲነቅሉም ሽቦውን ሳይሆን ጫማውን ይዘው ግራና ቀኝ እያዞሩ ይሳቡ። የአብዛኞቹ ባለአራት ሲሊንደር የጃፓን ሞተሮች የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነቀሉ መደናገር ቀላል ነው። ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ጉድጓዱን በአየር ይንፉ። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኙ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የካንዴላ ቱቦው ጎማ አፍስሷል፤ ይህ ሳይጠገን አዲስ ኬብል ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

አዲሱን ካንዴላ በመፍቻ አይጀምሩ። ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ሰክተው በጣትዎ ያዙሩት፤ ጥርሱ ጠማማ ከያዘ ቱቦው ይሾልካል እንጂ ቴስታታውን አይጎዳም። በእጅ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ አዲስ ቀለበት ያለውን ካንዴላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ያጥብቁ፤ ቶርክ ሬንች ካለዎት መመሪያው የሚሰጠውን ቁጥር ይከተሉ፤ ለ4ኤ-ኤፍኢ ለምሳሌ 18 ኒውተን ሜትር ነው። ጥርሱን ግሪስ አይቀቡ፤ ግሪስ የተቀባ ካንዴላ ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

ከ1,000 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ ካንዴላዎቹን አንድ ጊዜ ፈትተው በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። ሸክላው ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ምርጫው ሰምሯል። አራቱም በደረቅ ጥላሸት ከጠቆሩ ነዳጅ በዝቷል፤ ካርቡራቶሩን ወይም የአየር ማጣሪያውን ያስመርምሩ። አንዱ ብቻ በዘይት ርሶ ሦስቱ ንጹሕ ከሆኑ ግን ካንዴላውን እንደገና መቀየር አይረዳም፤ ችግሩ ያለው በዚያ ሲሊንደር ፋሻ ወይም ቫልቭ ጎማ ላይ ነው።