የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ በስቱኮ አይድንም

አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ መኪና የሚነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሞተሩ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ዳሽቦርዱ ግን ከፊት መስታወቱ ሥር በጋ እንደመታው ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ብዙ ሰው የሆነ ጨርቅ ጣል አድርጎበት ይነዳል። እኔ ግን ይጠገን ባይ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያገለገለ መኪና ውስጡም ሊያምርለት ይገባል፣ ሥራውም ትዕግሥት ላለው ሰው ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ለምን እንደሚሰነጠቅ እንወቅ። ከላይ የምናየው ስስ የቪኒል ቆዳ ነው፣ ከሥሩ ስፖንጅ አለ፣ ከዚያ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ውስጡ የተጨመረ ዘይት መሰል ኬሚካል ነው። ፀሐይና ሙቀት ይህን ቀስ በቀስ ያስወጡታል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ሥሩ ስለተያዘ ግን መሄጃ የለውም፣ ስለዚህ ይቀደዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ኃይለኛ ነው።

የቦዲ ስቱኮ፣ ማለትም የመኪና ቆርቆሮ የሚሞላበት ሲደርቅ የሚጠነክር ልጥፍ፣ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳሽቦርዱ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ደረቁ ስቱኮ አብሮት ስለማይሄድ በዚያው መስመር እንደገና ይከፈታል። የሚያስፈልጋችሁ ለፕላስቲክ ባምፐር መጠገኛ የሚሸጠው፣ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ የሚቀባው ተጣጣፊ መሙያ ነው። የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቁ።

ዳሽቦርዱን አውጥታችሁ ብትሠሩ ይሻላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሱ። ክሊፖቹ በዕድሜ ደርቀዋልና በጉልበት አትጎትቱ፤ አንድ ቦታ እምቢ ካለ ያላያችሁት ብሎን አለ ማለት ነው። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ነቀላውን ለባለሙያ ተዉት፣ የተሳፋሪው ኤርባግ ክዳን ላይም ምንም እንዳትሞሉ፣ እንዳትለብጡ። ሲፈነዳ የሚከፈትበት መስመር ከተዘጋ ሰው ይጎዳል።

አሁን ጽዳት። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ላቫጆ ውስጥ ለዓመታት የተቀባው ማብለጭለጫ ሲሊኮን አለው፣ ሲሊኮን ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይዝም። በሳሙና እጠቡ፣ ሲደርቅ በአልኮል ጥረጉ፣ ድገሙት። ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ እየተንከባለለ ከተሰበሰበ ቅባቱ ገና አልለቀቀም።

የስንጥቁ ከንፈር ወደ ላይ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ይህን የቆመውን ጠርዝ በስለታም ምላጭ ቁረጡ፣ አለበለዚያ የቱንም ያህል ብትሞሉበት ጉብታው ይታያል። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ አድርጋችሁ ክፈቱት። ጫፉ ላይ በ2 ወይም 3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቆዳውን ብሱት፣ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ያቆመዋል። ዙሪያውን ሁለት ጣት ያህል በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻክሩት። ስፖንጁ ተቦርቡሮ ከሆነ መጀመሪያ ጉድጓዱን በሚያብጥ ፎም ሙሉት፣ ሲደርቅ ከቆዳው ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት።

መሙያውን በስፓቱላ ስስ አድርጋችሁ፣ ደጋግማችሁ ቀቡ። በ180 ከዚያ በ320 አለስልሱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱት፤ ዓይን ያለፈውን እጅ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ደጅ፣ ጭንብል አድርጋችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ።

የተሞላው ቦታ ልሙጥ ሆኖ ስለሚለይ የቆዳ ሸካራነት የሚሰጥ ስፕሬይ ይነፋበታል። ቀለሙ ለቪኒል የሚሆን ተጣጣፊ ይሁን፣ የማያብረቀርቅም ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ በፊት መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳል። በስሱ፣ እያደረቃችሁ ንፉ።

ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ከሆነ ግን ቀለም ብቻ አይበቃም፣ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች ሌዘር ያልብሱት። እንደዚያም ሆኖ ስንጥቁ ቀድሞ ይሞላ፣ ካልሆነ መስመሩ ከሌዘሩ በላይ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ናፍጣም ቫዝሊንም አታስቀቡት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፣ ፀሐይ ላይ ስታቆሙት ደግሞ የመስታወት መጋረጃውን ዘርጉ።