«አግባና ይተውሃል» እና ሌሎች ስህተቶች

የወሲብ ልማዱ ከቁጥጥሩ ውጭ የሆነበት ሰው ችግሩን ለጓደኛ ሲያዋይ ቶሎ የሚሰጠው ምክር «አግባና ይተውሃል» የሚል ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ «አግቢ» ትባላለች። ነገሩ የፍላጎት መብዛት ቢሆን ምክሩ ባላስቸገረ። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው የሚሸሸው ነገር አለ። ብቸኝነት፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ከልጅነት የቀረ ቁስል ሊሆን ይችላል። የወሲብ ፊልም ሲከፍት ለአፍታ ይረሳዋል። ጋብቻ ይህን ከሥሩ አይነቅለውም። የሚጨምረው ነገር ቢኖር የሚዋሻትን ሚስት ነው።

ራስን «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ ለመፈረጅ መቸኮልም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ችግሩን በሕመምነት አካቶታል። ያስቀመጠው ግን ከሱስ ተርታ ሳይሆን ግፊትን መቆጣጠር ከማቃት ችግሮች ጋር ነው። መለኪያው ስንት ጊዜ የሚለው አይደለም። 6 ወርና ከዚያ በላይ ግፊቱን መግታት አቅቶት፣ ልተው ብሎ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ሥራው ወይም ቤቱ እየፈረሰ እንኳ መቀጠሉ ነው። «ኃጢአት ሠራሁ» የሚል ጸጸት ብቻውን በቂ ምልክት አይደለም። ይህቺ ነጥብ ለኛ አገር ሰው ትልቅ ናት። በወር አንዴ አይቶ እንቅልፍ የሚያጣ ወጣት ሕሊናው ወቅሶት እንጂ ታሞ ላይሆን ይችላል። ለሱ ከሐኪም ይልቅ የንስሐ አባቱ ይቀርቡት ይሆናል።

ሦስተኛው ስህተት መሐላ ነው። ማታ «ሁለተኛ ብነካ!» ብሎ ይምላል። ያለውን ሁሉ ከስልኩ ያጠፋል። ሳምንት ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን አለቃው ይጮኽበታል፣ ቤት ሲገባ ብቻውን ነው፣ ይከፍታል። «አንዴ አፍርሼዋለሁ» ይልና እስኪነጋ ይቀጥላል። ጠዋት ኀፍረት ይይዘዋል። ያ ኀፍረት ራሱ ሌላ የሚሸሽ ስሜት ይሆንበታል። ለዚህ ነው በንግግር ሕክምና (ችግርን እየተነጋገሩ በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ባለሙያው መውደቁን ትቶ ከመውደቁ በፊት ያለውን ሰዓት የሚጠይቀው። የት ነበርክ? ማን ምን አለህ? ምን ተሰማህ? ግፊቱ መጥቶ ይበረታል፤ ካልታዘዙት ደግሞ ይበርዳል። ይህን ሳይሸሹ ማለፍ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ቀን ቢያዳልጠው የለመደው ሁሉ ከንቱ አይሆንም።

ሌላ ሕመምንና መድኃኒትን መርሳትም አለ። ፕራሚፔክሶልን የመሰሉ የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያገትር ሕመም) መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ጠባይ ያመጣሉ። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰውም በማኒያ፣ ማለትም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ ባለበት ጊዜ እንዲሁ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን አደገኛ ነው፤ ለሐኪሙ ይነገር። ሐኪም ናልትሬክሶን ወይም የድብርት መድኃኒት የሚያዝበት ጊዜ አለ። ከማያውቁት ሰው በቴሌግራም የሚገዛ «ማርከሻ» ግን ይቅር።

የመጨረሻው፣ ስም መፍራት። እኛ ዘንድ «አማኑኤል ሂድ» ስድብ ስለሆነ ሰው የአእምሮ ሐኪም በር ሳይደርስ ዓመታት ያልፋሉ። ጠበል የሚጠመቅም ሕክምናውን አብሮ መከታተል ይችላል። አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፈረው በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ያቀብል።