ጎማ በጥርሱ ብቻ አይመረጥም፦ ለበረዶና ለኮሮኮንች መንገድ

ጥርሱ የገጠጠ ጎማ ሲያዩ ብዙዎች "ይሄማ በረዶም አይበግረው" ይላሉ። ለጭቃ እውነት ነው፣ ለበረዶ ግን አይሠራም። ጎማ በረዶን የሚቆነጥጠው ላስቲኩ በብርድ ሳይደርቅ ሲቀርና እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ምላጭ የሄደበት የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ሲኖሩ ነው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅና ድፍን ስለሆነ የረጋ በረዶ ላይ ይንሸራተታል።

ተራ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል፤ ያኔ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆንም መኪናው ፍሬን ተይዞ የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል። ስለዚህ ጎኑን አገላብጠው ይዩ። ባለሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ካለው በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። "ኤም ፕላስ ኤስ" (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ግን ስለ ጥርሱ ቅርጽ አምራቹ የሰጠው ቃል እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም።

የሚገዙት አራቱንም ነው። ሁለቱን ብቻ ፊት ላይ ካሰሩ ፊቱ መንገዱን ይዞ የኋላው ኩርባ ላይ ያመልጣል።

ለኮሮኮንች ደግሞ ዋናው ነገር የጎማው ጎን ነው። 205/55 አር 16 ማለት የጎኑ ቁመት የ205 ሚሊ ሜትር 55 በመቶ፣ ማለትም 113 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 16 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 195/65 አር 15 ሲሆን ወደ 127 ይደርሳል፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን የሚለየው ከ3 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ነው። ያቺ 14 ሚሊ ሜትር ቀላል አይደለችም፦ ጎኑ ያጠረ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ የውስጥ ክሩ ይበጠሳል፣ ጎኑም እንደ እባጭ ያብጣል። ያበጠ ጎማ ጎሚስታ የሚጠግነው ነገር የለውም፣ ይጣላል። ቸርኬ ከማሳነስ በፊት ግን የፍሬኑ አካል ውስጡ መግባቱን መለካት ያስፈልጋል። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው የጭነት ቁጥርም የመኪናው አምራች ካዘዘው አይነስ፤ 91 ማለት በአንድ ጎማ 615 ኪሎ ነው።

ሻጩ "አዲስ ነው" ቢልም ጎማው ጎን ላይ ካለው "ዶት" (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፦ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ሊሆን ይችላል። የበረዶ ጎማ ጥርስ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን፣ ብዙ አገሮች ሕጋቸው እስከ 1.6 ቢፈቅድም፣ ለበረዶ አያገለግልም።

ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ 2 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ብርድ ሲገባ እንደገና ይለኩ። ረጅም ፒስታ ላይ ቀስ ብለው የሚነዱ ከሆነ ነፋሱን ከ36 ወደ 28 ፒኤስአይ ማውረድ ጎማው ድንጋዩን እንዲያቅፍ ይረዳል። ወደ አስፋልት ከመውጣትዎ በፊት ግን መልሰው ይሙሉ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ጥርሱ ከነቆዳው ይገፈፋል።

ካሳሰሩ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ዳዶዎቹን በመስቀልኛ ተራ እንደገና ያጥብቁ። ስኮርታውም ከአራቱ ጋር እኩል መጠን ይሁን፤ ቀጭኑ የአደጋ ጊዜ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም፣ ኮሮኮንች ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ላያልፍ ይችላል።