የደም መርጋት ህክምና ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ግራ እግሬ ባት ላይ ደም ረግቶብኝ 6 ወር መድሃኒት የወሰድኩ ሰው ነኝ። ሀኪም አይደለሁም፣ ግን በዛ 6 ወር ውስጥ ራሴም ተሳስቻለሁ፣ አብረውኝ ወረፋ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎችም ሲሳሳቱ አይቻለሁ፣ እና አብዛኛው ስህተት የሚመጣው መድሃኒቱ ምን እንደሚሰራ በደንብ ስላልገባን ይመስለኛል።

«ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ደሙ እንደ ውሃ አይቀጥንም፣ የረጋውም በክኒኑ አይሟሟም። ክኒኑም ሆነ መርፌው የሚያደርገው ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች ስራ መያዝ ነው፣ ስለዚህ የረጋው አያድግም፣ አዲስም በቀላሉ አይጨመርበትም፣ በዛ መሃል ደግሞ ሰውነታችሁ ራሱ የረጋውን ቀስ እያለ በሳምንታት በወራት ያሟሟዋል። በቀጥታ የሚያሟሟ መድሃኒትም አለ፣ ግን ብዙ ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለው በብዛት የሚሰጠው ህይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲመጣ ነው፣ ለምሳሌ ሳንባ ውስጥ የገባው የረጋ ደም የሰውየውን የደም ግፊት ሲጥለው። ይሄ ከገባችሁ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ይገባችኋል።

እግራቸው ሲሻላቸው መድሃኒቱን የሚያቆሙ አሉ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በሁለት በሶስት ሳምንት እብጠቱ ይወርዳል፣ ህመሙ ይጠፋል፣ ሰው ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ይተዋል። የረጋው ግን ገና ውስጥ አለ፣ ጠባቂውን ነው ያነሳችሁበት። የተለመደው ትንሹ ጊዜ 3 ወር ነው። ደሙ የረጋው ምክንያቱ በሚታወቅና በሚያልፍ ነገር ከሆነ፣ ማለትም በትልቅ ኦፕራሲዮን ወይም እግር ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ 3 ወር ይበቃል። ያለ ምንም ግልጽ ምክንያት ከሆነ ግን መድሃኒት ካቆሙት 100 ሰዎች 10 አካባቢ የሚሆኑት በመጀመሪያው አመት እንደገና ይረጋባቸዋል፣ ለዛ ነው አንዳንዱ ሰው ለረጅም ጊዜ ምናልባትም እድሜ ልኩን ውሰድ የሚባለው። ይሄን ከሀኪማችሁ ጋር ነው የምትወስኑት፣ እግራችሁን አይታችሁ አይደለም።

ባትን ማሸት። ይሄን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ጡንቻ የተሸማቀቀ መስሎኝ 4 ቀን ሙሉ ዘይት እየቀባሁ አሸሁት፣ ሲያመኝ ደግሞ ጠንከር አድርጌ። የሚያሳዝነው ምልክቱ ግልጽ ነበር፣ ያበጠው አንድ እግር ብቻ ነው፣ ከሌላው ይሞቃል፣ ቀላ ብሏል፣ ስቆም ይብሳል። አንድ እግር እንዲህ ሲሆን (እጅም ላይ ይከሰታል) የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ እንጂ ማሳጅ አይደለም፣ ምክንያቱም የረጋው ደም ቁራሽ ተላቆ በደም መላሽ ስር በኩል ወደ ልብ ከዛም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሳንባ ከደረሰ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል፣ ወደ ውስጥ ስትተነፍሱ የሚወጋ የደረት ህመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስ መሳት። ከነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

እግሬን ማሸቴን የነገርኩት ሀኪም ከዛ በኋላ እግሬን መንካት እንኳን እንዳስፈራኝ አይቶ ይመስለኛል «ተራመድ» አለኝ፣ እኔ ግን ገርሞኝ ለሁለት ቀን አልጋ ላይ ቀረሁ። ይሄም ስህተት ነው። ድሮ ታማሚውን አልጋ ላይ ማስተኛት የተለመደ ነበር፣ አሁን ግን መድሃኒቱ ከተጀመረና ሰውየው ደህና ከሆነ መራመድ ይበረታታል፣ ምክንያቱም የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፣ ዝም ብሎ የተኛ እግር ላይ ደም ይቆማል፣ የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል።

ዶዝ የሚቀየርበትን ቀን መርሳት። አዲሶቹ ክኒኖች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ሪቫሮክሳባን ለመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት 15 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ ከዛ በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊግራም ይሆናል። አፒክሳባን ደግሞ ለ7 ቀን 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዛ 5 ሚሊግራም አሁንም በቀን ሁለት ጊዜ። የተለመደው ይሄ ነው፣ የናንተን ግን ሀኪማችሁ የጻፈላችሁ ነው የሚወስነው። መጀመሪያ ላይ ዶዙ የሚበዛው ደሙ አዲስ የረጋ ስለሆነ ነው፣ አደጋው የሚከፋው ያኔ ነው። ሰው ወይ ቀድሞ ይቀንሰዋል ወይ ከቀኑ አሳልፎ በትልቁ ዶዝ ይቀጥልና ደም ይፈሰዋል። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ፣ ቀኑን ካርቶኑ ላይ ጻፉት። ሌላ ደግሞ ሪቫሮክሳባን በባዶ ሆድ አይወሰድም፣ 15ቱም 20ውም ከምግብ ጋር ነው፣ አለዚያ በደንብ ወደ ደም አይገባም። እነዚህ ክኒኖች በአንድ ቀን አካባቢ ከሰውነት ስለሚወጡ «ቅዳሜና እሁድ አልቆብኝ ሰኞ እገዛለሁ» የሚባል ነገር የለም፣ ሁለት ቀን ያለ መከላከያ ናችሁ ማለት ነው። ሳያልቅ ከሳምንት በፊት ግዙ።

ዋርፋሪን የሚባለውን የቆየውን ደም ማቅጠኛ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ስሙኝ፣ የናንተ ትንሽ ይረዝማል። ዋርፋሪን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሰራም፣ በደንብ ለመስራት 5 ቀን አካባቢ ይፈልጋል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ከመርፌው (ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን) ጋር አብሮ የሚሰጠው። ክኒን ተጀመረልኝ ብሎ መርፌውን በሁለተኛው ቀን መተው ከባድ ስህተት ነው፣ መርፌው የሚቆመው ቢያንስ 5 ቀን ሆኖት አይኤንአሩም 2 ደርሶ ሲረጋጋ ነው። አይኤንአር ማለት ደማችሁ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ለእግርና ለሳንባ የደም መርጋት የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ከ2 ሲያንስ አይከላከልም፣ ከ3 በላይ እየራቀ ሲሄድ ደም ይፈሳል። ደህና ነኝ ብሎ ምርመራውን መዝለል አይቻልም፣ ቁጥሩ 5 ሆኖም ምንም ላይሰማችሁ ይችላል።

ጎመን ክልክል ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ቫይታሚን ኬ ያላቸው አረንጓዴ ቅጠሎች የዋርፋሪንን ስራ ይቃወማሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ዶዛችሁ የሚስተካከለው በምትበሉት ልክ ስለሆነ የሚፈለገው መጠኑ እንዳይዋዥቅ ነው። አንድ ሳምንት በየቀኑ ጎመን ቀጣዩን ሳምንት ምንም፣ ቁጥሩን የሚያዘልለው ይሄ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላንሳ፣ «ዋርፋሪን የአይጥ መርዝ እኮ ነው» ብለው ሰው አስፈራርተው የሚያስተዉ አሉ። አዎ በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ ነው የወጣው፣ በ1954 ግን ለሰው ህክምና ተፈቀደ፣ በቀጣዩ አመት የአሜሪካው ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ተሰጥቷቸዋል። ልዩነቱ መጠኑና ክትትሉ ነው፣ ሲበዛም ማርከሻ አለው፣ ራሱ ቫይታሚን ኬ። እባካችሁ በዚህ ወሬ ማንንም መድሃኒት አታስጥሉ።

የህመም ማስታገሻ ከፋርማሲ ዝም ብሎ መግዛት። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ደሙ እንዲቆም የሚያደርጉትን ፕላትሌቶችም ያዳክማሉ፣ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲደረቡ ውስጥ ለውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። አስፕሪንም እንደዛው፣ ሀኪም አስቦበት ካላዘዘው በቀር። ፓራሲታሞል ይሻላል፣ ዋርፋሪን ላይ ካላችሁ ግን እሱንም በብዛት ለብዙ ቀን አትውሰዱ፣ አይኤንአር ይጨምራል። አንቲባዮቲክም ሲታዘዝላችሁ ተናገሩ፣ ሜትሮኒዳዞልና ኮትራይሞክሳዞል የዋርፋሪንን ጉልበት በጣም ያበዙታል፣ የቲቢ መድሃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ዋርፋሪንንም አዲሶቹን ክኒኖችም ያዳክማል። የባህል መድሃኒትም ቢሆን ደብቃችሁ አትውሰዱ፣ ሀኪሙ አይቆጣችሁም፣ ቢቆጣም ንገሩት።

መርፌውን ቤት የምትወጉ፣ ሆድ ላይ ከእምብርት 5 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ፣ ከወጋችሁ በኋላ አትሹት፣ ይበልዛል። ተሞልቶ በሚመጣው ሲሪንጅ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋም ሙሉውን መጠን የምትወስዱ ከሆነ አታስወጧት፣ መድሃኒቱ አብሮ እንዳይፈስ ነው።

የትኛው ደም መፍሰስ እንደሚያሰጋ አለመለየት ሁለት አይነት ስህተት ያመጣል። አንዱ ሰው ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ትንሽ ስለደማ ፈርቶ መድሃኒቱን በሙሉ ያቆማል፣ ሌላው ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሳምንት ዝም ይላል። ትንንሽ ብልዝና የድድ መድማት ለቀጠሮ የሚነገር ነው። ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ ተጭናችሁት ከ10 ደቂቃ በላይ አልቆም ያለ ነስር፣ ከወትሮው በጣም የበዛ የወር አበባ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ግን ወዲያው መታየት አለባቸው። ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ ደግሞ ባይደማም ባያምም ሂዱ፣ ውስጥ ያለው ከውጭ አይታይም። ጥርስ ለማስነቀልም ቀድማችሁ ተናገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ብዙ ጊዜ ማቆም ራሱ አያስፈልግም።

ሴቶች ጋር የሚረሳ ነገር አለ። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ጽንሱን ይጎዳል፣ አዲሶቹ ክኒኖችም ለእርጉዝ አይመከሩም፣ ስለዚህ ለማርገዝ ካሰባችሁ ወይም የወር አበባ ከቀረ ቶሎ ተናገሩ፣ በእንግዴ ልጅ አልፎ ጽንሱ ጋር ወደማይደርሰው ኢኖክሳፓሪን ይቀየርላችኋል። ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ ደግሞ ራሱ የመርጋት አደጋን ይጨምራል፣ ሌላ አይነት ጠይቁ። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ከእርግዝናውም የበለጠ አደጋ አላቸው፣ ልጅ ይዛ ቤት የዋለች ሴት እግሯ ሲያብጥ «የወሊድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠ አትለፉት።

የ3 ወሩ ቀጠሮ ላይ ደግሞ ዝም ብላችሁ መድሃኒት ተቀብላችሁ አትውጡ። ለምን ረጋብኝ፣ እስከ መቼ ነው የምወስደው፣ ብቀጥል የመድማት አደጋዬ ብተው ደግሞ የመርጋቱ አደጋ ስንት ነው፣ ቤተሰቤ ውስጥ የረጋበት ካለ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ፣ እነዚህን ጽፋችሁ ሂዱ። እግራችሁ አሁንም ማታ ማታ የሚያብጥና የሚከብድ ከሆነም ንገሩ፣ የረጋው ደም የደም ስሩን ቫልቭ (ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዘውን በር) ጎድቶት ሊሆን ይችላል፣ መድሃኒቱ አልሰራም ማለት አይደለም፣ የራሱ ክትትል አለው። የኔ አሁንም ረጅም ሰአት ስቀመጥ ያብጣል፣ በየሰአቱ እየተነሳሁ እራመዳለሁ፣ ማታ ትራስ ላይ ከፍ አድርጌው እተኛለሁ፣ በዛው ይወርዳል።