ፒቸሮቻችሁ አንድ በአንድ ሲጎዱ የውድድር ዓመቱን እንዴት ትጨርሳላችሁ?

ቤዝቦል ለማትከታተሉ ባጭሩ ላስረዳ። ፒቸር ማለት ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውረው ሰውዬ ነው፤ እሱ ካልወረወረ ጨዋታው አይንቀሳቀስም። ጨዋታውን የሚያስጀምረው ፒቸር፣ ስታርተር የሚባለው፣ በአንድ ቀን 90 ወይም 100 ኳስ ይወረውርና ከዚያ አራት አምስት ቀን ክንዱን ያሳርፋል። ቡድኑ ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታል። ስለዚህ አምስት ስታርተሮች ተይዘው በተራ ይገባሉ። ልክ እንደ እቁብ፣ የሁሉም ቀን አስቀድሞ ይታወቃል።

እቁብ ላይ አንዱ ሲጠፋ ዳኛው ዋሱን ይጠራል። እዚህስ? የአንዱ ክርን ሲያምፅ ዋሱ ማነው? ከታች የማወራው በሙሉ ዋስ አስቀድሞ ስለማዘጋጀት ነው።

ምሳሌዬ በፈረንጆቹ 2024 የነበረው የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ነው (ከታች ያሉት ቀኖችና ወሮችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፒቸሩ ያማሞቶ ትከሻውን ታመመ። ግላስናው ክርኑን። ስቶን ትከሻውን። ከርሾው ደግሞ የእግር ጣቱን። ኦታኒ ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ መታ እንጂ አልወረወረም። በዚያ ዓመት ጨዋታ ያስጀመሩት ሰዎች 17 ናቸው። ይሄ ሁሉ ሆኖ 98 ጨዋታ አሸነፉ፣ ዋንጫውንም ወሰዱ። ብር ስላላቸው ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። አላቸው፣ አልክድም። ግን ብር የታመመ ትከሻ ላይ ሆኖ ኳስ አይወረውርም።

ሰው ሳይሆን ኢኒንግ ቁጠሩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። "አምስት ጥሩ ስታርተር አለኝ" ብሎ ይቀመጣል። እናንተ ወረቀት አውጡና ሒሳቡን ሥሩ። ዓመቱ 162 ጨዋታ ነው፣ አንዱ ጨዋታ በ9 ክፍል ይከፈላል፣ ክፍሉ ኢኒንግ ይባላል፤ ድምሩ 1,458። ስታርተሮቻችሁ በየጨዋታው አምስት አምስት ኢኒንግ ቢሸፍኑላችሁ 810 ተያዘ። የቀረውን 648 ከኋላ ተቀምጠው የሚጠብቁት፣ ቡልፔን የሚባሉት፣ መሸፈን አለባቸው።

አሁን ከእያንዳንዱ ስታርተር ስም አጠገብ ቁጥር ጻፉ። የምትመኙትን አይደለም፣ አምና የወረወረውን። አምና 90 ኢኒንግ የወረወረ ልጅ ዘንድሮ 180 ይሰጠኛል ማለት ባዶ ኪስ ይዞ ገበያ መውጣት ነው። ግላስናውን ተመልከቱ። ከዚያ በፊት በትልቁ ሊግ ከ120 ኢኒንግ አልፎ አያውቅም ነበር፣ በ2024 134 ላይ ደርሶ ክርኑ ቆመ። ከቡድኑ ብዙ የወረወረው ስቶን ነበር። ስንት? 140 ኢኒንግ፣ 25 ጨዋታ። የሻምፒዮኑ ቡድን አንደኛ እንግዲህ ይሄ ነው። እሱም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትከሻው አስቆመው።

እና ስትደምሩ 810 አይሞላም። በፍጹም አይሞላም። ጉድለቱን ከመጋቢት ጀምራችሁ ካያችሁት ሐምሌ ላይ አትደነግጡም።

ከአምስት ስም አትጀምሩ፣ ከአስር ጀምሩ

አምስቱ ዋናዎች አሉ። ከነሱ በታች፣ ማይነር ሊግ በሚባለው የታችኛው ሊግ ውስጥ፣ በስታርተርነት እየወረወሩ የሚጠብቁ ሦስት አራት ልጆች ያስፈልጋሉ። ዶጀርሶች እነዚህን ኦክላሆማ ሲቲ ነበር የሚያስቀምጧቸው፤ ላንደን ናክ የተባለው ልጅ ከዚያ እየተጠራ 12 ጨዋታ አስጀምሯል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች እዚያም በየአምስት ስድስት ቀኑ መወርወር አለባቸው። ቁጭ ብሎ የቆየ ልጅ ስትጠሩት ሦስት ኢኒንግ እንኳን አይዘልቅም። ከዚያ ደግሞ ቡልፔን ውስጥ ሁለት ሦስት ኢኒንግ መሄድ የሚችሉ አንድ ሁለት ሰዎች ያዙ።

ከቀዶ ጥገና የሚመለሱትን እንደ ዜሮ ቁጠሯቸው። ከመጡ ትርፍ ነው። የክርን ጅማት ቀዶ ጥገናው፣ ቶሚ ጆን የሚባለው፣ ሰውን ከ12 እስከ 18 ወር ያስቀምጣል። በነገራችን ላይ ቶሚ ጆን ራሱ የዶጀርስ ፒቸር ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ነው የሠራለት፤ 1975ን ሙሉ ተቀምጦ ተመለሰና ከዚያ በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ግን ሁሉም ቶሚ ጆን አይሆንም፣ ማገገምም ቀጥ ያለ መንገድ የለውም። የዶጀርሱ ደስቲን ሜይ በ2024 ክርኑን እያስታመመ ሳለ ምግብ ቤት ውስጥ ሰላጣ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ የምግብ ቧንቧውን ቀደደውና ለአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ገባ። ሰላጣ! ለዚህ የሚሆን ዕቅድ የለም።

ደንቡን እወቁ

አሰልቺ ነው፣ ቶሎ ልጨርሰው። 26 ተጫዋች ትይዛላችሁ፣ ከነሱ ውስጥ ፒቸር ከ13 አይበልጥም። መስከረም ላይ 28 እና 14 ይሆናል። የተጎዳ ፒቸር የጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ቀን ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። የ60 ቀኑ ዝርዝር ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ ከ40 ተጫዋቾቹ ሰፊ ዝርዝር ላይ አንድ ቦታ ይለቅላችኋል። ወደ ማይነር ሊግ ያወረዳችሁት ፒቸር የተጎዳ ሰው ካልተካ በስተቀር 15 ቀን እዚያው ይቆያል፤ አንድን ልጅ ደግሞ በዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ ማውረድ አትችሉም። ስለዚህ ዛሬ ያወረዳችሁት ልጅ ከነገ ወዲያ እንደማያስፈልጋችሁ እርግጠኛ ሁኑ።

ከሐኪሙ በፊት ካቸሩን ጠይቁ

ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ ልኮ ነው የሚመጣ። ደብዳቤውን ማንበብ ነው። ፈጣን ኳሱ በመጀመሪያው ኢኒንግ በሰዓት 96 ማይል የነበረ ሰውዬ አራተኛው ላይ 93 ከሆነ አንድ ነገር አለ። የአንድ ማይል ልዩነት የማንም ቀን ነው፤ ሁለት ሦስት ማይል ግን አይደለም። ኳሱ ሳይፈልግ ወደ ላይ መሸሽ ሲጀምር፣ በኳስና በኳስ መካከል ረዘም አድርጎ ሲቆም፣ ጣቶቹን ሲያራግፍ፣ ክርኑን ሲነካካ፣ ተነሱ። ይሄን ሁሉ ከእናንተ በፊት የሚያየው ካቸሩ፣ ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳሷን የሚቀበለው፣ ነው፤ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ነው የምታርፈው። ኢኒንግ ሲያልቅ ፒቸሩን "ደህና ነህ?" ብላችሁ አትጠይቁት። ደህና ነኝ ነው የሚላችሁ፣ ክንዱ ተንጠልጥሎም ቢሆን። ካቸሩን ለብቻው ጠይቁት።

የሚያመው ቦታ ሁልጊዜ የተጎዳው ቦታ አይደለም። ያማሞቶ ሰኔ 15 ቀን ከሁለት ኢኒንግ በኋላ ሲወጣ የላይኛው ክንዱ ከኋላ በኩል ጨመደደው ነበር የተባለው። ሲመረመር ትከሻው ሆኖ ተገኘ፣ እስከ መስከረም 10 አልወረወረም። የዶጀርስ የፒቸሮች አሰልጣኝ ማርክ ፕራየር ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል። በ2003 ለቺካጎ ካብስ 18 ጨዋታ ያሸነፈ ኮከብ ነበር፤ ጉዳት ተደራርቦበት ከ2006 በኋላ በትልቁ ሊግ አልወረወረም።

ሰው በወደቀበት ቀን

መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ "ሁሉንም አንድ አንድ ቀን ወደፊት ልሳብ" ይሆናል። አታድርጉት። የአንዱን ጉዳት ለአራቱ ማከፋፈል ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ተመልከቱ፤ በዚያ ሳምንት የእረፍት ቀን ካለ ባዶውን ተራ ዘላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፣ ማንም ሳይጎዳ። ከሌለ ስድስተኛውን ሰው ጥሩ። እሱም ትናንት ወርውሮ ከሆነ ያን ቀን በቡልፔን ሸፍኑት። ምርጡን ፒቸር በአጭር እረፍት መልሶ ማስገባት በጥቅምት ለዋንጫ እንጂ በግንቦት ለማንም አይደረግም።

በረካውን አትጠጡ

ቡና የሚጠጣ ሰው ይሄ ይገባዋል። አቦሉ ጠንካራ ነው፣ ቶናው ደህና ነው፣ በረካው ይቀጥናል። ፒቸርም እንደዚያ ነው። ዘጠኙ መቺዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ግራ ይጋባሉ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ይለምዱታል፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ምን እንደሚወረውር ከእጁ ያነባሉ። እሱ ደግሞ እየደከመ ነው። ስለዚህ ከማይነር ሊግ ያመጣችሁትን ልጅ ሁለት ዙር ብቻ ስጡት። አሥራ ስምንት መቺ፣ በቃ፣ ይመቸው። አራት ኢኒንግ ተኩል በንጹሕ ከሰጣችሁ ሥራውን ጨርሷል። ደጋፊው "ለምን አወጣኸው፣ ጥሩ ይዞ ነበር!" ብሎ ይጮሃል። ይጩህ።

የቡልፔን ቀን፣ እና ደብተሩ

ስታርተር ጨርሶ የሌለበት ቀን ይመጣል። ያኔ ስምንት ሰው አንድ ወይም ሁለት ኢኒንግ እየያዘ ጨዋታውን ይሸፍናል። ታምፓ ቤይ በ2018 ሰርጂዮ ሮሞን አንድ ኢኒንግ ብቻ አስጀምረው ይሄን አሠራር ሲጀምሩ ስንቱ ሳቀባቸው። ጥቅምት 9 ቀን 2024 ሳን ዲዬጎ ላይ ዶጀርሶች ለዋንጫው በሚደረገው ተከታታይ ግጥሚያ በጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 እየተመሩ፣ ከተሸነፉ ወደ ቤት ሊሄዱ፣ ስታርተር ሳይኖራቸው ገቡ። ስምንት ፒቸር አሰለፉ። 8 ለ 0 አሸነፉ።

ግን ይሄን አይታችሁ አትልመዱት። ከአምስት ቀን በኋላ የኒው ዮርኩ ሜትስ ላይ ያንኑ ሲሞክሩ የመጀመሪያው መቺ ሊንዶር ኳሷን ከአጥሩ በላይ መትቶ በሩን በሆም ራን ከፈተው፣ 7 ለ 3 ተሸነፉ። የቡልፔን ቀን ብድር ነው፤ የሚከፈለው በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ነው። እኔ ብሆን ተራ ደብተር ላይ ሰባት ቀን አሰምርና ማን በየቀኑ ስንት ኳስ እንደወረወረ እጽፋለሁ። ትናንት ከ30 በላይ የወረወረ ዛሬ የለም። ሁለት ቀን በተከታታይ የገባ ሦስተኛውን ቀን የለም። ስሙን እሰርዘውና ጨዋታው ሲጦዝ እንዳልፈተን ደብተሩን ለረዳቴ እሰጠዋለሁ።

የምትሸነፉበትን ቀን ምረጡ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ያው ከሜትስ ጋር፣ አምስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ዶጀርሶች በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 እየመሩ ነበር። ስታርተሩ ፍላርቲ በሦስት ኢኒንግ ስምንት ነጥብ ተቆጠረበት። አሰልጣኙ ዴቭ ሮበርትስ ምርጦቹን የቡልፔን ልጆች አላስነሳም። እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ 12 ለ 6 ተሸነፈ። ሰው ሰደበው። በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ያረፉት ልጆች ሁሉ ነበሩት፤ 10 ለ 5 አሸንፎ ወደ ፍጻሜው አለፈ። 162 ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቀናት ብዙ ናቸው። በሦስተኛው ኢኒንግ ሰባት ነጥብ ከተመራችሁ ከቡልፔን ሁለት ሦስት ኢኒንግ መሄድ የሚችለውን ሰውዬ አስገቡና ለነገ አስቡ።

የተመለሰውን አትቸኩሉበት

መጀመሪያ በሜዳ ላይ መወርወር፣ ከዚያ ቡልፔን ውስጥ፣ ከዚያ ለእውነተኛ መቺዎች፣ ከዚያ ማይነር ሊግ ላይ፣ ከዚያ አጭር ጨዋታ። ያማሞቶ ሲመለስ የሰጡት አራት ኢኒንግ ብቻ ነበር። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ ያንኪስን አንድ ምት ብቻ ፈቅዶ ሰባተኛ ኢኒንግ አስገባቸው። መካከል ላይ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ የዝውውር ጊዜው ሳይዘጋ ሙሉት፤ ፍላርቲን ከዲትሮይት ያመጡት በመጨረሻው ቀን፣ ሐምሌ 30 ነበር።

ልጆቻችሁ የሚጫወቱ ከሆነ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ሜዳ የምትውሉ ወላጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ከ9 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ75 ኳስ በላይ አይወርውር፣ ከ11 እስከ 12 ከ85፣ ከ13 እስከ 14 ከ95። 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል፤ ከ51 እስከ 65 ከሆነ ሦስት ቀን። ሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ የሁለቱንም ደምሩ፤ የአንዱ አሰልጣኝ የሌላውን አያውቅም። አንድ ቅዳሜ አጠገቤ የቆመ አባት የ12 ዓመት ልጁ ስንት እንደወረወረ ሲጠይቅ አንድ አዋቂ መልስ አልነበረውም። ስትቆጥር የነበረችው ታናሽ እህቱ ናት፣ በእስክሪብቶ እጇ ላይ እያሰመረች። 88 አለች። ልጁ ገና ሜዳው ላይ ነበር።

የመጨረሻው ሳምንት

ጥቅምት ላይ ደብተሩ ይገለበጣል። አሁን የምትጠይቁት "ማን ተራው ነው?" አይደለም፣ "ዛሬ ማን መወርወር ይችላል?" ነው። ሁሉንም ጠይቁ፣ ተራው ያልሆነውንም። ጥቅምት 30 ቀን ኒው ዮርክ ላይ ዶጀርሶች 5 ለ 0 ተመርተው፣ ስታርተራቸው ሁለተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ ወጥቶ፣ ከኋላ ተነስተው 7 ለ 6 መምራት ሲጀምሩ ቡልፔኑ ባዶ ሆኖ ነበር። ዎከር ቢዩለር ከሁለት ቀን በፊት ነው አምስት ኢኒንግ የወረወረው። ክርኑ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰውዬ ነው፤ በዓመቱ አንድ አሸንፎ ስድስት የተሸነፈ። ጨዋታው መሀል ላይ ማንም ሳይጠራው ተነስቶ ወደ ቡልፔን ሄዶ ማሟሟቅ ጀመረ። ዘጠነኛውን ኢኒንግ ሰጡት። ሦስት መቺ ገባ፣ ሦስቱም ወጡ።