ኮስታ ሪካ ላይ ጫካና ባሕር ያለው ቅንጡ እረፍት እንዴት ይታቀዳል?

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፣ ሆቴሉ ይደርሳል። በፓስፊክ በኩል ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ደረቅ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ግን ዝናቡ አይጣል ነው፤ ያኔ የካሪቢያን ዳርቻ ይሻላል።

ሁሉንም ካላየሁ ብላችሁ አትሩጡ፣ ሁለት ቦታ ይበቃል። ፓስፊክ ዳርቻ ላይ ያለው ማኑኤል አንቶኒዮ ጫካውም አሸዋውም አንድ ላይ ስለሆነ ምቾት ለሚወድ ይስማማል፤ ፓርኩ ግን ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ትኬቱም ቀድሞ በኢንተርኔት ነው የሚቆረጠው። የምር ጫካ ካላችሁ ኦሳ ወደሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ሂዱ። እዚያ ያለው ኮርኮቫዶ ፓርክ ያለ አስጎብኚ አይገባም፣ ስለዚህ ሎጁን ስትይዙ እሱንም አብራችሁ አስይዙ።

እዚያው ኦሳ ላይ ወዳለው ድሬክ ቤይ በጀልባ ከሄዳችሁ ብዙ ጊዜ የምትወርዱት ዳርቻው ላይ ነው፤ ሱሪ ጠቅልሎ፣ ጫማ በእጅ ይዞ ውሃው ውስጥ መግባት አለ። ባለ ጎማ ሻንጣ እዚያ ምን ሊሠራ? በትከሻ የሚያዝ ቦርሳ ያዙ። ትንንሾቹ የአገር ውስጥ አውሮፕላኖችም ኪሎ ላይ ቀልድ አያውቁም።

ጫካ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሎጆች፣ ውድ ቢሆኑም፣ ኤሲ የላቸውም፤ ሳትከፍሉ ጠይቁ። እኔን ካላችሁ ደግሞ ለሰፊ ክፍል ከምትጨምሩ ለጥሩ አስጎብኚ ጨምሩ፤ ቅጠል መሀል የተኛ ስሎዝ (ዛፍ ላይ የሚኖር በጣም ቀርፋፋ እንስሳ) እሱ በቴሌስኮፑ ካላሳያችሁ ከሥሩ ቆማችሁም አታዩትም።